እማማ ታደለች ያመጡት ጆንያ

ስብሰባ ላይ በተባለው ሁሉ ራሱን የሚነቀንቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ይጽፋል፣ ያጨበጭባል፣ የተረፈውን ኬክ በሶፍት ጠቅልሎ ይወጣል። እኔ ይህን ሰው አሳምሬ አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሰሞን ሆሳዕና ከተማ ውስጥ አንድ አዳራሽ ስለ አካባቢ ጥበቃ ተሰበሰብን። ከዱራሜም ከአንጋጫም የመጣ ነበር። በየፊታችን የፕላስቲክ ውሃ ተደርድሯል። የአዳራሹ ጎረቤት እማማ ታደለች የኅብረተሰቡ ተወካይ ተብለው ተጋብዘዋል፤ አመስግነው እንዲቀመጡ ነበር የታሰበው።

እሳቸው ግን ጆንያ ይዘው ተነሱ። ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሞልቶታል።

«ጌታ ይባርካችሁ» አሉ ለስለስ ባለ ድምፅ። «ባለፈው ስትሰበሰቡ በአጥር ወርውራችሁ እንሰቴ ውስጥ የጣላችሁት ነው። እንሰቱ እኮ ምግባችን ነው።»

ሰብሳቢው በጥሞና አሰቡና ጉዳዩ «ኅብረተሰቡ ያሳየው ተነሳሽነት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ እንዲያዝ አዘዙ። ቆመን አጨበጨብንላቸው። እኔም ከልቤ ነበር ያጨበጨብኩት። ጆንያውን ግን አዳራሹ ማስቀመጫ ስለሌለው እማማ መልሰው ተሸክመውት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ስብሰባው አልቆ ስንወጣ ውሃዬን ጨረስኩ። የቆሻሻ ቅርጫት ብፈልግ የለም። መኪናው ሊሄድ ነው ብለው ይጠሩኛል። ኃላፊነት የሚሰማው ሰው እንዲህ ሲቸግረው ምን ያደርጋል? ግራ ቀኝ አየሁና ባዶውን ፕላስቲክ በአጥሩ ላይ ወረወርኩት።

ከአጥሩ ወዲያ ያ ለስላሳ ድምፅ «ጌታ ይባርክህ» አለኝ።