እመት ስንዱ በሬዲዮ

ቀረብ በሉና ላውጋችሁ። እንስሳት ማኅበር ማቋቋምን ከሰው በተማሩበት፣ ሬዲዮም ጫካ በገባበት ዘመን ነው አሉ፤ ሣር በሎቹ ተሰብስበው «ሥጋ ይቅር» የሚል ማኅበር መሠረቱ። ሊቀ መንበርነቱን ለአህያው ለአቶ ጫንያለው ሰጡት፤ የጫኑበትን ሁሉ ሳያጉረመርም ይሸከማልና። ማኅበሩ ሥጋ ብቻ ሳይሆን ወተትና ዕንቁላልም ይቅር ብሎ በአንድ ድምፅ ወሰነ። ማር ይቅር አይቅር በሚለው ላይ ግን ሦስት ቀን ተጨቃጨቁ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ነብር ሁለት አባላት በላ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ «በፈቃድ ያልተገኙ» ተብለው ተመዘገቡ።

የጫካው ሬዲዮ ይህን ሰምቶ፣ ዓላማችሁን የሚያስረዳ አንድ አባል ላኩልን አላቸው። ሚዳቋዋ እመት ስንዱ እኔ ልሂድ አለች። ሐምሌ ላይ ነብር አንዲት ልጇን ከጎኗ ነጥቆ በልቶባታል። ልጅቷ እንዴት እንደጮኸች፣ እሷም ቁጥቋጦ ውስጥ ተሸሽጋ እንዴት እንዳየች፣ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይህን ጫካው ሁሉ ቢሰማ፣ ምናልባት አንድ ነብር እንኳ ያፍር ይሆናል ብላ ነበር ያሰበችው።

ማኅበሩ ግን ሳትዘጋጅ አትሄድም አለ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ጉሬዛው መኩሪያ ሳምንት ሙሉ ዛፍ ሥር አስቀምጦ አለማመዳት። ገና ልጇን ስታነሳ አስቆማት። ሐዘን አድማጭ ያሸሻል አላት። «ተበላች» ማለትም ጨዋነት የጎደለው አነጋገር ነው፤ «ተለየችን» ይባላል። የነብር ስም ደግሞ ጭራሽ አይነሳም፤ «አንዳንድ ወገኖች» ይበቃል። ጣቢያው የሚተዳደረው በአንበሳ ማስታወቂያ ነው፤ አንበሳና ነብር ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው።

«ታዲያ ምን ልበል?» አለች እመት ስንዱ።

«ስለ ጤና ይናገሩ» አላት መኩሪያ። «ሣር ሰውነትን ያለሰልሳል፣ ቆዳን ያሳምራል ይበሉ። ራስዎን ምሳሌ ያድርጉ።»

አቶ ጫንያለው ጆሮውን ነቅነቅ አድርጎ አጸደቀ። እመት ስንዱ ቅር እያላት አጠናችው። ብቻዋን ስትሆን እንኳ ልጇን አስባ ልታለቅስ ትጀምርና፣ «አንዳንድ ወገኖች» የሚለው ቃል አፏ ላይ እየመጣ እንባዋን ያደርቀው ጀመር።

በቀጠሮው ጠዋት ጋዜጠኛው በቀቀን ማይክሮፎኑን አስጠጋላትና፣ ወደዚህ ሥራ ምን እንዳስገባት ጠየቃት። የልጇን ነገር ልትጀምር አፏን ከፈተች። ከመስታወቱ ወዲያ መኩሪያ የተጻፈውን ወረቀት ከፍ አድርጎ አሳያት።

«ለጤንነቴ ብዬ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያጠናችው ሁሉ ተከታትሎ ወጣ። ሣር የሚበላ እንስሳ ሥጋው ለስላሳ፣ ደሙ ንጹሕ፣ ጠረኑም ያማረ እንደሚሆን አስረዳች። እሷ ራሷ ጠዋት ጠዋት ከወንዙ ማዶ ያለውን ለምለም ሣር እንደምትግጥ፣ ጎረቤቶቿም እዚያው እንደሚመጡ ሳይቀር ተናገረች። መኩሪያ ከደስታው ብዛት ጭራውን ይቆላ ነበር።

መስመሩ ለአድማጮች ሲከፈት መጀመሪያ የደወለው ነብር ነበር። ድምፁ ትሕትና የተሞላ ነው።

«እመት ስንዱ፣ አሳምነውኛል» አለ። «ከዛሬ ጀምሮ ሣር የማይበላ እንስሳ ወደ አፌ አይገባም።»

በቀቀን ስለ ቅን አስተያየቱ አመሰገነው። መኩሪያም አጨበጨበ። እመት ስንዱ ግን ወደ ማይክሮፎኑ ተጠጋች። «ልጄን እኮ...» ብላ ስትጀምር ሰዓቱ አለቀና የአንበሳ ማስታወቂያ ገባ።

በሳምንቱ ማኅበሩ ለግምገማ ተሰበሰበ። ከወንዙ ማዶ የሚግጡት አምስቱ አባላት አልመጡም፤ ወደፊትም አይመጡም። አቶ ጫንያለው ስለ እነሱ አጭር የሕሊና ጸሎት ካስደረገ በኋላ፣ ቃለ መጠይቁ ታላቅ ውጤት እንዳስገኘ፣ ነብርን የሚያህል አድማጭ እንኳ የአመለካከት ለውጥ ማምጣቱን በሪፖርት አቀረበ። ጣቢያውም በድጋሚ ስለጋበዘን እመት ስንዱ ከነገ ጀምራ ልምምድ ትቀጥል አለ።

እመት ስንዱ ከተቀመጠችበት ተነሳች።

«እኔን ተዉኝና ነብርን ላኩት» አለች። «ሣር ለሥጋችን ምን እንደሚበጅ ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ማለማመድም አያስፈልገውም፤ እሱ የሚበላውን በስሙ ነው የሚጠራው።»