የቆመው የኑሪ ልብ

[ጀሞ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። ነገ አረፋ ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ሊቁ ፕሮፌሰር ሮበሌ ስልካቸውን ጨብጠው፣ በነጠላ ጫማ እያለከለኩ የጎረቤታቸውን የኑሪን በር አስከፍተው ገብተዋል።]

ሮበሌ፦ ተኛ አልኩህ! ልብህ ቆሟል!

ኑሪ፦ ኧረ ፕሮፌሰር፣ በሩን የከፈትኩልዎት እኮ እኔ ነኝ!

ሮበሌ፦ እሱ ማስረጃ አይሆንም። የሰጠሁህ አምባር የልብ ምትህን ያለ ገመድ ወደ ስልኬ ይልካል። ይኸው፣ ዜሮ!

ኑሪ፦ ውሸታም ማሽን ነዋ!

ሮበሌ፦ የኔ ማሽን? ፀጉሬ የሸበተበት? በሚቀጥለው ሳምንት ለእንግዶች የማሳየው? ሰሞኑን እኮ እንዴት ያለ ጤና ነበረህ! ሥጋ ቀንስ ስልህ ወዲያው ተሻለህ።

ኑሪ፦ [ሳቁን እየዋጠ] እሱማ ሥጋ ነክቶ አያውቅም።

ሮበሌ፦ ንዴት የለ፣ ጭንቀት የለ! ብቻ አምባሩ እንደሰማው ሌሊት ሌሊት ታኝካለህ።

ኑሪ፦ ያመሰኳል።

ሮበሌ፦ ማን?

ኑሪ፦ በጉ ነዋ።

[ሮበሌ ከስልካቸው ቀና ይላሉ።]

ሮበሌ፦ የምን በግ?

ኑሪ፦ የአረፋው። አምባሩ እጄን ሲያሳክከኝ እግሩ ላይ አሰርኩለት። እሱ ምን ሥራ አለው? «እንዳይወልቅ» አሉኝ እንጂ ከማን ላይ እንደሆነ መች ነገሩኝ?

ሮበሌ፦ ወይኔ ሮበሌ! «አርአያ የሚሆን ጎልማሳ» ብዬ ባልደረቦቼን አስጨብጭቤልሃለሁ እኮ!

ኑሪ፦ [ሆዱን ይዞ] በግና ሰው የማይለይ ማሽን! ያ አላህ! ጀሞ በሙሉ ይስማልኝ!

ሮበሌ፦ ሳቅ፣ ሳቅ። ይገባኛል። ቆይ ግን... ዛሬውኑ አረድከው እንዴ?

ኑሪ፦ አረፋ ነገ አይደል? ታች ታስሯል።

ሮበሌ፦ ታስሯል?

ኑሪ፦ አዎ፣ ሳሩን እየበላ...

[ሳቁ ይቆማል። ሁለቱም ስልኩን ያያሉ። ኑሪ ወደ መስኮቱ ይሮጣል።]

ኑሪ፦ ገመዱ ብቻ ነው የቀረው! በጌ! ሚስቴ ከድጃ ዛሬ ከቤት ታስወጣኛለች!

ሮበሌ፦ ተረጋጋ። ማሽኑ ያለበትን ቦታም ያሳያል። ይኸው... ጎፋ ነው።

ኑሪ፦ ተመስገን! ጎፋ የት?

ሮበሌ፦ አንድ ሥጋ ቤት ጓሮ።

ኑሪ፦ [በቀጭን ድምፅ] ልቡስ?

ሮበሌ፦ [ደረታቸውን ነፍተው] ከመጀመሪያውም ነግሬህ ነበር። ዜሮ!

ኑሪ፦ [እጃቸውን ይዞ] በአላህ ፕሮፌሰር፣ «ማሽኔ ውሸታም ነው» ይበሉኝ!