የስምንት ሰዓት ወዳጅ

«የኔ ልጅ፣ አንቺ ታሪክ የሚባል ነገር አልፈጠረብሽም» አሉኝ ጋሼ መስፍን፣ ፊት ለፊቴ ቆመው። ጋሼ መስፍን ቤልትላይን የሚባል ሰፈር ውስጥ አስተናጋጅ ሆኜ የምሠራበት ሬስቶራንት ባለቤት ናቸው።

ይህን ዓይነት ሰው ሳታውቁት አትቀሩም። ድሮ ለሞተ ሠራተኛ አንጀቱ ይላወሳል፤ አጠገቡ የቆመችው ግን አትታየውም።

የዚያን ቀን ሺፍቴ አልቆ፣ እግሬም ዝሎ ነበር። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሮድ ቴስት አለብኝ፤ መንጃ ፈቃዱን ካገኘሁ ደግሞ ሌላ ሥራ ይጠብቀኛል። ልሰናበታቸው ስል ስለ ድሮዋ አሜሪካ ጀመሩልኝ። ትልቅ ሰው እያወራ ጥሎ መሄድ እንዴት ይቻላል? እጄን አጣምሬ ቆምኩ። በወሬያቸው ሕፃናቱን ከክር ፋብሪካ አስወጡ፣ የሥጋ ፋብሪካውን አጸዱ፣ ለሴቶቹ የመምረጥ መብት አስገኙ። አሜሪካ ባሕር ተሻግራ ፊሊፒንስ ስትገባ እኔ ገና ከኩሽና አልወጣሁም።

«በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ አንሠራም ብሎ ስንቱ ተደበደበ መሰለሽ» አሉ፣ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ።

«ጋሼ፣ የኔም ስምንት ሰዓት ሞልቷል። ሮድ ቴስት እንዳለብኝ ነግሬዎት ነበር።»

«ዛሬማ ትልቅ ግሩፕ ይመጣል፤ እስክንዘጋ ትቆዪልኛለሽ። ፈተናው የትም አይሄድም።»

«አሁን ስለ ስምንት ሰዓት ሲነግሩኝ አልነበር?»

«እሱ ፋብሪካ ነው» አሉ፣ ትዕግሥታቸው እያለቀ። «እኛ እኮ ቤተሰብ ነን። ቤተሰብ ሰዓት ይቆጥራል?»

ሽርጤን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ወጣሁ።