አባል የሚባለው ወፍ

ጎልፍ ክለብ ያለበት ከተማ ወፍ አያጣም። ጁባ ዳርቻ ያለው ክለባችን ውስጥ በአስተናጋጅነት ስሠራ የታዘብኩት ይህንን ነው። ሣሩ ይደርቃል፣ መብራት ይጠፋል፣ ከተማው አቧራ ይቅማል፤ የአባል ላባ ግን አይጎድልም።

ክቡር ጭልፊት ኮንትራክተር ናቸው። ሌላው ያዘዘው ጥብስ ገና ጠረጴዛ ሳይነካ ይወርዱበታል። «ማሌሽ፣ ይቅርታ፣ ለቅምሻ ነው» ይላሉ፤ እኔ ባዶ ሳህን አነሣለሁ። ክብርት ሰጎን የረድኤት ድርጅት ኃላፊ ናቸው። ሠራተኛ አቤቱታ ይዞ ሲቀርባቸው አንገታቸውን ስልካቸው ውስጥ ይቀብራሉ። የሁሉ የበላይ ሊቀ መንበራችን ክቡር ዱኦል ናቸው፤ ቄራ ጓሮ እንደሚቆመው ትልቅ ወፍ፣ እንደ አባ ኮዳ፣ ራሰ በራ፣ ረዥምና ታጋሽ። ጋምቤላ በስደት ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይሻላል።

የሚያበግነኝ ግን ግዛው ነው። የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ጀኔሬተር ይነግዳል። እሑድ ጉዴሌ ሰፈር ባለው ቸርች ከጎኔ ቆሞ እያለቀሰ ይዘምራል፤ ክለብ ሲገባ አማርኛ ይጠፋዋል። ዱኦል «ግዛው፣ እንዴት አደርክ?» ሲሉት «ፋይን፣ ሰር» ይላል። እኔንማ «ዌይተር» ነው የሚለኝ። በቀቀን ብዬዋለሁ። ከሊቀ መንበሩ ጋር ለመጫወት ያልጠናው ደጅ የለም፤ ባለፈው ቅዳሜ ተሳካለት።

በዚያው ቀን አዲሷ ምግብ አብሳያችን የሻረግ ሻይ ይዛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሜዳ ወጣች። ዱኦል ኳሷ ላይ አንገታቸውን ደፍተዋል፣ እጃቸውን አጣምረዋል፣ ዙሪያቸውን የቆሙት አባላት ጸጥ ብለዋል። የጴንጤ ልጅ ይህን አይታ ምን ታስብ? ትሪውን መሬት አስቀምጣ ዓይኗን ጨፈነች። ሊቀ መንበሩ ዱላውን ሲሰነዝሩ ጸሎቱ ያለቀ መስሏት ጮክ ብላ «አሜን» አለች። ኳሷ ረግረግ ገባች።

«ማነው?» አሉ ዱኦል ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ከዛሬ ጀምሮ እግሩ እዚህ ግቢ አይረግጥም።»

የሻረግ ፊቷ አመድ መሰለ። አገር ቤት ያሉ ልጆቿ የሚማሩት በዚህ ሥራ ነው። ልትናገር አፏን ስትከፍት ግዛው በዓይኑ አስቆማት።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አለ፣ ጥርት ባለ አማርኛ። «የቸርች ልማድ ሆኖብኝ አመለጠኝ።»

የሴት ድምፅ እንደነበር ሁሉም ሰምቷል። ከወፎቹ ግን አንዱም ምንቃሩን አልከፈተም። ዱኦል ትንሽ አሰቡና «እንግዲያው ውጣ» አሉት።

ግዛው ዱላዎቹን ቦርሳው ውስጥ ሰብስቦ ብቻውን ሜዳውን አቋረጠ። ሮጬ ደረስኩበት።

«ወንድም ግዛው» አልኩት።

«ሰር በለኝ» አለኝ። «ገና ግቢው ውስጥ ነን።»

«እሺ፣ ሰር» አልኩና ቦርሳውን ከትከሻው ተቀበልኩት።