ስለ ዋናው ባቡር ጣቢያ መስፋፋትና ስለ ዕቃ ቤታችን በር

ቀን፦ እሁድ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቦታ፦ ኮልፌ፣ የታችኛው ፌርማታ እድር ዕቃ ቤት፣ በድስቶቹና በአግዳሚዎቹ መሀል
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 4፡10 ተጀመረ

የተገኙ፦
አቶ መኳንንት፣ ሰብሳቢ
ወ/ሮ እሙ፣ የዕቃ ኃላፊ
አቶ ደግፌ፣ አባል (ጡረታ የወጡ ግንበኛ)
ወ/ሮ ሰብሌ፣ ጸሐፊ (እኔ ነኝ)

ያለ ድምፅ የተገኙ፦ ጋሽ ነገሬ፣ የዕቃ ቤቱ ጠባቂ። ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት ስለኖሩ የመጡት ከቅርብ ነው።

ያልተገኙ፦ አቶ ገብረአምላክ፣ ሌላ እድር ቀብር ስላለባቸው። አቶ አማኑ፣ ምክንያታቸው አልታወቀም (ዛሬ ቅበላ ነው፣ ይታወቃል)።

ከስድስት አራት ስለሆንን ምልዓተ ጉባኤው ሞልቷል።

አጀንዳ 1፦ ስለ ቀዩ ምልክት

ወ/ሮ እሙ ሐሙስ ጠዋት ትሪ ሊመልሱ ሲመጡ የዕቃ ቤቱ በር ላይ በቀይ ቀለም የተሠራ መስቀለኛ ምልክት ማየታቸውን አስረዱ። ሰብሳቢው ቀይ ቀለም የተቀባ ቤት ለልማት እንደሚፈርስ ሕፃን እንኳ የሚያውቀው መሆኑን፣ ዋናው ባቡር ጣቢያ ሊሰፋ እንደሆነም የአየር ጤና ታክሲ ላይ ከታመነ ሰው መስማታቸውን ገለጹ። አቶ ደግፌ ጣቢያው ያለው ለገሃር ነው፣ ቢሰፋ ቢሰፋ እንዴት ኮልፌ ይደርሳል ሲሉ ጠየቁ። ሰብሳቢው ልማት በክንድ አይለካም ብለው መለሱ።

ጋሽ ነገሬ እጃቸውን አነሱ። በደንባችን መሠረት ተቀጣሪ የሚናገረው ልዩ ልዩ ላይ ብቻ መሆኑ ተነገራቸው። (ደንቡ የወጣው አምና ስለ አይጥ ሁለት ሰዓት ከተናገሩ በኋላ ነው።)

ከረጅም ውይይት በኋላ እድሩ የጣቢያውን መስፋፋት በደስታ እንዲቀበል ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ስለ ጣቢያው አሠራር

መፍረሳችን ካልቀረ ጣቢያው እንዴት ይሠራ በሚለው ላይ ሐሳብ እንስጥ ተባለ። እስካሁን ሲቃወሙ የነበሩት አቶ ደግፌ ይህን ሲሰሙ ነፍስ ዘሩ። ጠመኔ አስመጥተው በትልቁ ድስት ክዳን ላይ ፕላን አወጡ፦ ፊቱ የአምቦ ድንጋይ፣ አራት ዓምድ፣ ከላይ ጉልላት። ወ/ሮ እሙ ጉልላት የእርግብ ማደሪያ ከመሆን አያልፍም፣ ጣሪያው እንደ ድንኳናችን ሲሞቅ ጎኑ የሚገለጥ ይሁን አሉ። አቶ ደግፌ ተሳፋሪ ለቀስተኛ አይደለም አሉ። ወ/ሮ እሙ ሰው ሸኝቶ ሳያለቅስ የተመለሰ አላየሁም አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ተኮራርፈው ለአሥር ደቂቃ ያህል በእኔ በኩል ተነጋገሩ። እኔም የሰው ማጅራት እያዩ ጨዋታ የለምና ወንበሮቹ ፊት ለፊት ይሁኑ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ።

ጋሽ ነገሬ እጃቸውን አነሱ። ልዩ ልዩ ላይ ተባሉ።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጣቢያው ከፊት ድንጋይ፣ ከኋላ ድንኳን፣ ወንበሩም ፊት ለፊት እንዲሆን ተወሰነ። የድስቱ ክዳን አባሪ 1 ሆኖ ለሚመለከተው አካል ይላካል። ከዚያ በፊት ሰው ከሞተ ግን ፕላኑ ታጥቦ ክዳኑ ሥራ ላይ ይውላል።

አጀንዳ 3፦ ስለ ጋሽ ነገሬ ማደሪያ

ዕቃ ቤቱ ሲፈርስ የጋሽ ነገሬም ክፍል አብራ እንደምትሄድ ተነሣ። ድንኳኑ ሰብሳቢው ግቢ፣ ድስቶቹ ወ/ሮ እሙ ጋ እንዲቀመጡ በሦስት ደቂቃ ተስማማን። ጋሽ ነገሬ የት ይቀመጡ ሲባል ሁሉም በጣም አዘነ። የሰብሳቢው ሰርቪስ ቤት ተከራይ አለበት። ወ/ሮ እሙ ከሀገር ቤት እንግዳ ይመጣባቸዋል። አቶ ደግፌ ባለቤታቸውን ማማከር አለባቸው። እኔ እየጻፍኩ ስለነበር አልተናገርኩም።

ከረጅም ውይይት በኋላ ጋሽ ነገሬ ጣቢያው ተሠርቶ እስኪያልቅ ራሳቸው ማረፊያ እንዲፈልጉ፣ ሲያልቅ ግን ከደረጃው ሥር አንድ ክፍል እንዲሰጣቸው ተወሰነ። ለዚሁም አቶ ደግፌ ክዳኑ ላይ ደረጃ ጨመሩ።

ጋሽ ነገሬ በዚህ ጊዜ የተነሣ እጃቸውን በሌላው እጃቸው ደግፈው ታይተዋል።

አጀንዳ 4፦ ልዩ ልዩ

ለጋሽ ነገሬ ሁለት ደቂቃ ተሰጠ።

«ቀለሙ የኔ ነው» አሉ። «ሳህኑ ላይ ምልክት ያድርጉ አላላችሁኝም? ብሩሹ ፀጉሩ እየረገፈ ቢያስቸግረኝ በሩ ላይ ሁለቴ ጠረግሁት። አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ።»

ያለፈውን ቃለ ጉባኤ እንዳነብ ታዘዝኩ። ሳህኖቻችን ከላይኛው ፌርማታ እድር ሳህን ጋር ስለተቀላቀሉ ጋሽ ነገሬ በቀይ ቀለም ምልክት እንዲያደርጉባቸው መወሰኑ በራሴ የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። አራታችንም ፈርመናል። ስልሳው ሳህን ከአግዳሚው ሥር ተደርድሮ እየደረቀ ነበር።

ሰብሳቢው፣ ታዲያ እስካሁን ለምን አልተናገሩም ብለው ጠየቁ። ጋሽ ነገሬ እጃቸውን አነሱ።

ያለ ምንም ውይይት፣ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ጋሽ ነገሬ በክፍላቸው እንዲኖሩ፣ አባሪ 1 እንዲታጠብ፣ ከእንግዲህም ልዩ ልዩ አጀንዳ 1 እንዲሆን ተወሰነ። አቶ ደግፌ ክዳኑን ራሳቸው አጠቡ፤ ዓምዶቹን መጨረሻ ላይ።

ሰብሳቢው የበሩም ቀለም ይጥፋ ሲሉ ጋሽ ነገሬ ተቃወሙ።

«ይቆይ። አንድ ቀን የምር ቢመጡ፣ ይሄኛው ተቆጥሯል ብለው ያልፉታል።»

ወ/ሮ እሙ የሽማግሌ ነገር አይጣልም አሉ። መስፋፋቱን በደስታ እንቀበል ያሉት ሰብሳቢያችንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀለም ተርፎ እንደሆነ ጠየቁ።

ስብሰባው 6፡40 ላይ ተበተነ። የቀለሙ ወረፋ እስከ 7፡00 ቆየ፤ እኔ ሦስተኛ ነበርኩ።

ሰብሌ፣ ጸሐፊ