ድልድይ የምትሠራው ልጄ

ሰናይት ልጄ ናት። ዮናስ ባሏ ነው። ሁለቱም ካናዳ በአንድ ቀን በምህንድስና ተመረቁ፤ በውጤት የምትበልጠው ግን እሷ ነበረች። አስካለ ባለቤቴ ናት። እኔ ደግሞ ፊደልን በራሴ የተማርኩ፣ ካዛንቺስ ውስጥ ቀለም የምሸጥ፣ ደንበኛውን ሁሉ አስቁሜ ስለ ልጄ የማወራ ሰው ነኝ። እንዲህ ያለ አባት መቼም አይጠፋችሁም።

«ልጅዎ እንዴት ናት?» ሲሉኝ፣ «ድልድይ እየሠራች ነው» እላለሁ። እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን፣ ከወለደች ወዲህ ሁለት ዓመት ሙሉ በድልድዩ ላይ የሕፃን ጋሪ ነበር የምትገፋው።

አንድ እሑድ ደወለች። «አባዬ፣ ሥራ አገኘሁ። ልጁን የሚይዝልኝ ግን አጣሁ።»

«ባልሽን አቅርቢልኝ!» አልኳት። «ዮናስ፣ አንተስ በተራህ ቤት ብትውል ምን ይልሃል?»

«አባባ፣ እርስዎ ስንት ቀን ልጅ ታቅፈው ቤት ዋሉ?»

አምስት ልጆች አሳድጌያለሁ። አሰብኩ፣ አሰብኩ፤ አንድም ቀን አላገኘሁም። ምን ብዬ ልቆጣው?

አስካለ «ለስድስት ወር ብቻ» ብላ ልጁን ልትይዝ ካናዳ ሄደች፤ የመቆያ ፈቃዷን እያራዘሙላት ይኸው ሁለተኛ ዓመቷን ያዘች። ባምቢስ ሱፐርማርኬት አጠገብ ካለ ምግብ ቤት ብቻዬን ምሳ ስበላ አስተናጋጇ «አባባ፣ የሚጠብቁት ሰው አለ?» ትለኛለች። ፊት ለፊቴ ያለውን ባዶ ወንበር አስነሳታለሁ።

ሒሳቡን በሐቅ ልደምረው። ሕፃኑን ማሳደግ ልጄን ሁለት የሙያ ዓመታት፣ እናቷን ቤቷንና ጎረቤቶቿን፣ እኔን የማዕድ ጓደኛዬን አስከፈለን። የዮናስ ቢሮና የእኔ ሱቅ ግን አንድም ቀን አልተዘጉም።