ጓን ዴሹን የድንጋዩን ድልድይ ባዶ ያደረጉበት ዜና

በጡረታቸው በሦስተኛው ዓመት፣ በዘመነ ቁርጥማት፣ አገር ሁሉ ከቤቱ ተነቅሎ በሚወጣበት በታላቁ የበዓል ሳምንት፣ የአውቶቡስ መሪ ጌታ፣ ቀይ መብራት ያልጣሱ፣ ጥሩምባ በከንቱ ያልነፉ ክቡር ጓን ዴሹን ከሱጆ ተነሥተው ወደ ጥንታዊቱ የውኃ ዳር ከተማ ወደ ቺንግሺ ዘመቱ። አብረዋቸው የዘመቱትም እኒህ ናቸው፦ ባለቤታቸው እመቤት ዩ ሱፌን ከነቀይ የሐር ሻርፓቸው፤ በአደባባይ አብረዋቸው የሚጨፍሩት ወይዛዝርት፣ እያንዳንዳቸው ባለ ሦስት ሻርፕ፤ የሙቅ ውኃ ፔርሙስ ተሸካሚ የሆኑ ባሎች፤ ደጀን ሆኖም አንድ ከረጢት ኦቾሎኒ።

የዘመቻውም ምክንያት ይህ ነበር። ጓን ዴሹን ሚስታቸውን ፎቶ ባነሡ ቁጥር ወይ እግር ይቆረጣል፣ ወይ ዓይን ይጨፈናል፣ ወይ የማይታወቅ ሰው ራስ ከትከሻቸው በቅሎ ይገኛል። ስለዚህ እመቤት ዩ ሱፌን በከተማይቱ በር አዋጅ አስነገሩ፦ «አንተ ሽማግሌ፣ ስማ! ዛሬ ድልድዩ ላይ ብቻዬን ታነሣኛለህ። ብቻዬን! የሰው ጥላ ካየሁ ከዛሬ ጀምሮ ኑድልህን ራስህ ቀቅል! የጭፈራ ጓደኛዬ የቺያዎ ባል ሚስቱን እንደ ፊልም ተዋናይ ያነሣታል፤ አንተ እኔን እንደ ጠፋ ሰው ማስታወቂያ!»

ጓን ዴሹንም ደነገጡ፤ ኑድል መቀቀል አያውቁምና። ደግሞም፣ እውነቱ ይነገር፣ ሚስታቸውን ይወዳሉ፤ ይህችን ሴት እንዳለች በምስል ለልጅ ልጆቿ ሳያስቀሩ መሞትን ይፈራሉ።

ወእምድኅረ ዝንቱ ወደ ድልድዩ ደረሱ። ጥቁር ክዳን የለበሱት ነጫጭ ቤቶች ውኃውን ግራና ቀኝ ይዘው ቆመዋል፤ በድልድዩ ላይ ግን ሕዝብ እንደ አንበጣ ሰፍሯል፤ በኪራይ የጥንት ቀሚስ የተጀነኑ ልጃገረዶች፣ ስልክ በዱላ የሰቀሉ ጎረምሶች፣ ቶፉ የሚሉትን የሚገማ የአኩሪ አተር አይብ እየበሉ የሚጋፉ አዛውንት። ጓን ዴሹን በልመና ገጠሙ፤ አልሆነም። በትዕግሥት ገጠሙ፤ እግራቸው አበጠ። እመቤት ዩ ሱፌንም በድልድዩ አናት ሻርፑን ወደ ሰማይ ዘርግተው ክንዳቸው እስኪዝል ቆሙ፤ ከዚያም ላይ ሆነው በዓይናቸው ባላቸውን ይገርፉ ነበር።

ያን ጊዜ ለጓን ዴሹን የሰይጣን መላ መጣላቸው። በአገራቸው ሱቅ ሲከፈት ለአረጋውያን እንቁላል በነጻ ማደል ልማድ ነውና፣ ተሳፋሪ ወደ ኋላ ባሰለፉበት በዚያ ድምፃቸው አወጁ፦ «የሰማህ ላልሰማ አሰማ! ከሻይ ቤቱ ጀርባ እንቁላል በነጻ! ከስድሳ ዓመት በላይ የሆነ ቶሎ ይድረስ፣ ሊያልቅ ነው! ኧረ አትጋፉ!»

ወኮነ ዐቢይ ሁከት። ጉልበቱን የታመመ ሕመሙን ረሳ፤ ምርኩዝ የያዘ ምርኩዙን በብብቱ ሸጉጦ ሮጠ፤ ወጣቶቹም አያቶቻቸው እንዳይጠፉባቸው ተከተሉ። በድልድዩ ላይ አንዲት ነፍስ አልቀረችም። ጓን ዴሹንም በድል አድራጊነት ስልካቸውን አነሡ፤ ቢያነጣጥሩ ድልድዩ አለ፣ ፋኖሱ አለ፣ ውኃው አለ፤ ሚስታቸው የሉም። እመቤት ዩ ሱፌን ነጻ እንቁላል ሲባል ሰምተው የሚቆሙ ሴት አይደሉምና፣ ከሁሉ ቀድመው ሄደው የሰልፉ አውራ ሆነው ነበር።

ከሻይ ቤቱ ጀርባ ግን እንቁላል አልነበረም፤ የነበረው አንድ የተኮሳተረ ዳክዬ ነው። እመቤቲቱም ለሠራዊቱ አወጁ፦ «ያ ድምፅ የማን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ! ተከተሉኝ! ዛሬ የሚቀቀለው እሱ ነው!»

ሠራዊቱም ተከተለ። እመቤት ዩ ሱፌን ሻርፓቸው እንደ ሰንደቅ እየተውለበለበ፣ ክንዳቸውን አንሥተው፣ አእላፍ አስከትለው ድልድዩን ሲወጡ፣ ጓን ዴሹን ሊሸሹ አሰቡ፤ ስልኩን ግን እንዳነጣጠሩ ነበሩና አውራ ጣታቸው በድንጋጤ የፎቶ ቁልፉን ተጫነ።

እመቤቲቱም ስልኩን ነጥቀው ወደ ውኃው ሊወረውሩ ሲሉ ምስሉን አዩ፤ ከዚያም ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እግር ሙሉ ነው፤ ዓይን በርቷል፤ ያ ሁሉ ባዕድ ሕዝብ ከኋላቸው ተሰልፏል። የመጨረሻውንም አዋጅ ነገሩ፦ «ይሄ ነው የኔ መልክ! ማንም እንዳያጠፋው! የቺያዎ ባል መጥቶ ይማር!»

ስለዚህ ውዳሴ ለጓን ዴሹን ይሁን፤ ሚስታቸውን ብቻቸውን ሊያነሡ ወጥተው፣ ከነሠራዊታቸው አንግሠው ወደ ቤት ለመለሱ።